እጄ ራሱ ወጣ

ደሴ፣ ሸዋበር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ለብሶ ውሏል። እናትሽ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ሌላ የሚወራ የለም።

በስልክ ያነሣሽብኝ ነገር ከነከነኝና ነው ይህን የምጽፍልሽ። የአሜሪካ ዜግነቱን አግኝተሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሎስ አንጀለስ ከተማን ምርጫ ልትመርጪ ነው። አበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ቡና ስትጠጡ አንድ አዛውንት «አበሻ ድምፁን ለጥቁር ነው የሚሰጥ፣ ቆዳችን ይናገራል» አሉ። ሌላው «እኛ አበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» ብሎ ተነሣባቸው። አንቺም «አባ፣ እኔ የማን ነኝ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ።

መጀመሪያ የራሴን ኃጢአት ልንገርሽ። አንቺ ሕፃን ሳለሽ የቅሬያችን (የእድራችን) ዳኛ አረፉና ምትክ መምረጥ ግድ ሆነ። ቅሬያችንን ታውቂዋለሽ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ ለየብቻ የሆነው ድስቱ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ተጠቆመ። አንዱ የእናትሽ ዘመድ፣ አብሮን የሚያስቀድስ ሰው። ሌላው መታጠፊያው ላይ ያሉት ልብስ ሰፊው ሼህ። እኔ ለዘመዳችን እጄን አወጣሁ። ለምን ብትዪኝ ምክንያት አልነበረኝም፤ እጄ ራሱ ወጣ። ዘመዳችን አሸነፈ። በዓመቱ ድንኳኑ ተቀዶ በሐምሌ ለቅሶ ላይ ዝናብ ወረደብን፤ የመዋጮው መዝገብ ሲጠየቅም «ደብተሩ ጠፋ» ተባለ። ድንኳኑን ተሸክመው ወስደው፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ ሰፍተው የመለሱት ልብስ ሰፊው ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ክርስቲያኑ ከሞላ ጎደል ለእሳቸው እጁን አወጣ። ከእስላሙ ደግሞ ሦስት ሰዎች «ሼሁ ቁጡ ናቸው፣ ለዳኝነት አይሆኑም» ብለው ድምፃቸውን ከለከሏቸው። እነዚያን ሦስት ሰዎች እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። (ቁጡስ ነበሩ።)

ከዚያ ያንቺን ከተማ ታሪክ ሳገላብጥ ሰነበትሁ፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ሌላ ምን ሥራ አለው። በፈረንጆቹ 1969 ቶም ብራድሊ የሚባል፣ ፖሊስ የነበረ ጥቁር ለሎስ አንጀለስ ከንቲባነት ተወዳድሮ በመጀመሪያው ዙር መርቶ ነበር። በሁለተኛው ዙር ወንበሩ ላይ የነበረው ሳም ዮርቲ ነጩን መራጭ አስፈራርቶ አሸነፈው። በ1973 እነዚያው ሁለት ሰዎች እንደገና ገጠሙ፤ ብራድሊ አሸነፈና 20 ዓመት ከንቲባ ሆነ። ጥቁሩ ግን የከተማውን ሕዝብ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር። አይሁዱም፣ ብዙ ነጭም አብሮት ባይቆም ከየት ያገኘዋል?

ይበልጥ የገረመኝ የ2001ዱ ነው። ነጩ ጄምስ ሃንና ላቲኖው አንቶኒዮ ቪያራይጎሳ ተወዳደሩ፤ ጥቁሩ በብዛት ለሃን ሰጠ። የሃን አባት ኬኔት ሃን ጥቁሮች የሚበዙበትን ሰፈር ወክሎ 40 ዓመት በካውንቲው ተመራጭነት ያገለገለ ሰው ነበርና ውለታው አልተረሳም። ልጁ ከንቲባ ከሆነ በኋላ ግን ጥቁሩን የፖሊስ አዛዥ በርናርድ ፓርክስን ለሁለተኛ ዘመን አልደግፍም አለ። በ2005 እነዚሁ ሰዎች ሲገጥሙ ብዙ ጥቁር መራጭ ሃንን ጥሎ ወደ ላቲኖው ሄደ፤ ሃንም ወደቀ። ይህን ሳነብ የተቀደደው ድንኳን ትዝ አለኝ።

አዛውንቱን ግን እንዳትንቂያቸው። እስከ 1965ቱ የድምፅ መብት ሕግ ድረስ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሩ ልመዝገብ ሲል በፈተናና በዱላ ይመለስ ነበር። ያን ላየ ሰው የሚመስለውን ሰው ወንበር ላይ ማየት ቅንጦት አይደለም። ያንቺም ፌርፋክስ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማው ምክር ቤት የተሰየመው ጥቁር አሜሪካውያን በከፈቱት በር ገብታችሁ ነው። ውለታውን እወቂ። እጅሽ ግን እንደኔ ራሱ እንዳይወጣ።

የከተማችሁ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም እንደማይጻፍ አውቀሻል? እኛ ንቧን ወይም ሁለቱን ጣት ፈልገን ነበር የምንመርጠው። ምልክት በሌለበት ዓይን ወደ ስም ይሄዳል፤ ስሙም ዘር ይነግራል። ስለዚህ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንብበሽ ሂጂ። ደግሞ ከንቲባውን ብቻ አትዪ፤ የእኛን ምክር ቤቱ ይሾመዋል፣ የእናንተን እናንተው ትመርጣላችሁ፣ ምክር ቤቱ ግን እዚያም ከባድ ነው። 15 ወረዳ አለው፤ ጠቡም የወረዳው መስመር በየት ይለፍ ነው። በ2022 የምክር ቤት አባላት መስመሩን ለየራሳቸው ወገን እንዴት እንደሚያሰምሩ ሲመክሩ፣ ጥቁሩንም ሌላውንም ሲሳደቡ የተቀረጸ ድምፅ ወጣና የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ። በ2024 ደግሞ መራጩ መስመሩን ከአባላቱ እጅ አውጥቶ ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጠው።

«የማን ነኝ?» ላልሽኝ መልስ የለኝም። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ብሔር በሚለው መስመር ጸሐፊው ሳይጠይቀኝ አማራ ብሎ ሞላው። የአባቴ እናት ከከሚሴ የመጡ ኦሮሞ፣ እስላም ነበሩ፤ የእናቴ ወገን ወረኢሉ ነው። አላረምሁትም፤ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር።

እናትሽ በርበሬ በሰው ልካለች፣ ሲደርስሽ ደውዪላት። ሰፈርሽ ከ15ቱ ስንተኛው ወረዳ እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ካርታው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አባትሽ