የድንቅነሽ አረማመድም ይነገር

ለተከበረው ጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፦

በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስለተገኘችው ድንቅነሽ ሲነገር ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ዕድሜዋ ነው። እኔ ግን አጥንቶቿ ስለ አረማመዷ የሚመሰክሩት ነገር ከዕድሜዋ ይበልጥ ያስደንቀኛልና ይህን አስተያየት እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህም ምክንያት አንድ እግሯን ስታነሳ የቆመችበት እግር ከሰውነቷ ክብደት ሥር ይውላል። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ይህ ዝንባሌ ስለሌለው በሁለት እግሩ ሲራመድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዳሌዋ አጥንትም አጭርና ወደ ጎን የተዘረጋ በመሆኑ፣ እግሯ ከመሬት በተነሳ ቁጥር በጎንና ጎን ያሉት ጡንቻዎች ሰውነቷ ወደተነሳው እግር ወገን እንዳያዘነብል ይዘው ያቆሙታል፤ እኛም ዛሬ በእያንዳንዱ እርምጃችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ አንጎል እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ቆሞ መሄድ ከአንጎል መተለቅ እጅግ ቀድሟል ማለት ነው።

በአፋር ዲኪካ የተገኘችው የድንቅነሽ ዝርያ ሕፃን፣ የ«ሰላም» የትከሻ አጥንት በበኩሉ ዛፍ መውጣት ገና እንዳልተተወ ያመለክታል፤ ይህም ጉዳዩን ይበልጥ ማራኪ ያደርገዋል።

መምህራን ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ተማሪው እጁን በአንዱ የዳሌው ጎን አሳርፎ በሌላኛው ወገን ያለውን እግሩን ቢያነሳ ጡንቻው ሲጠነክር ወዲያው ይሰማዋል። ጋዜጣችሁም በሳይንስ ዓምዱ የአጥንቶቹን ሥዕል ከእንዲህ ያለ ማብራሪያ ጋር ቢያወጣ ለብዙ ክፍሎች ይጠቅማል።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህር፣ ከአዲስ አበባ