ተማሪዎቻችንን ወደ መልካ ቁንጡሬ ውሰዷቸው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በቅርቡ ልጆቼን ይዤ የጥንት ሰዎች መሣሪያና አሻራ በቁፋሮ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን ጎብኝቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ እያሰብኩ ነው። የከተማችን ተማሪ ሁሉ 8ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቢያንስ አንዴ ይህን ቦታ እንዲያይ አድርጉልን።

ሩቅ አይደለም። በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዋሽ ወንዝ አጠገብ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአቅራቢያው ካለው የጥቁር ባልጩት ድንጋይ መገኛ ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ግን ትልቅ ሕንፃ የለውም፤ ጥቂት ክብ ጎጆዎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለልጆች ይህ ይሻላል። አይደክማቸውም፣ ሁሉን በቅርበት ያያሉ። ከጥቁር ባልጩት የተጠረበ ስለታም መሣሪያ ፊታቸው ሲያገኙ "እንዴት ሠሩት?" ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ።

እዚያው መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ደግሞ ይለያል። የቁፋሮው መሬት እንዳለ ተጠብቆ ከላዩ ጣሪያ ተሠርቶለታል። ድንጋዩም አጥንቱም የጥንት ሰዎች ጥለውት በሄዱበት ላይ ነው። እዚያው ጎምቦሬ ተመራማሪዎች 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእግር ዱካ አግኝተዋል። ከአዋቂዎቹ ዱካ መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካ አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ጉማሬ ሲበልቱ፣ ትንንሾቹ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ለ5ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ ከየት ይመጣል? ልጆቻችን ስለ ሉሲ ለፈተና ይሸመድዳሉ። ዕድሜዋን በቃላቸው ይነግሯችኋል። ቁፋሮ ምን እንደሚመስል ግን ብዙዎቹ አይተው አያውቁም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። አቅም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ሊሄዱ ይችላሉ። የእኔ ጭንቀት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ የአውቶቡስ ኪራይ ለብዙ ወላጅ ከባድ ነው። ለእነሱ ትራንስፖርቱን ቢሮው ቢሸፍን፣ መግቢያውንና አስጎብኚውን ደግሞ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ብትነጋገሩበት ነገሩ ይቀላል። መምህራኑ ቀድመው ይጎብኙ፤ ያላየ መምህር ማስረዳት ይቸግረዋል። ማልዶ የወጣ አውቶቡስ በዚያው መንገድ የጢያን ትክል ድንጋዮችም አሳይቶ በዕለቱ ይመለሳል።

ክረምቱ ለጉዞ አይመችም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ስለዚህ ለመጪው የትምህርት ዘመን ዕቅድ ስታወጡ ይህን እንድታስገቡልን እለምናለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ተማሪዎች እናት