የናፍጣ መኪናችሁ ጋራዣችን እንዲያድር የምንጠይቅበት ምክንያት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጠዋት ሲነሱ ያልተለመደ ሽታ የሚሰጡ የናፍጣ መኪኖችን የምንመረምርበትን አሠራር ከቀየርን ወዲህ ከብዙዎቻችሁ ቅሬታ ደርሶናል። ቅሬታው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው መኪናው ማታ ገብቶ ጋራዡ ውስጥ እንዲያድር መጠየቃችን ነው፤ ሁለተኛው የተቀየረ ዕቃ ቢኖርም ባይኖርም የምርመራ ዋጋ ማስከፈላችን ነው። «ለማሽተትም ይከፈላል ወይ?» ያላችሁን አላችሁ፤ «ሌላ ጋራዥ በአንድ ሰዓት ካንዴላ ቀይሮ ይለቀኛል» ብላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። መኪናችሁን አሳድራችሁ በመሄዳችሁ ሥራችሁ ለተስተጓጎለና ቤተሰባችሁ ለተቸገረ ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ለምን እንደሚጸና በዝርዝር ማስረዳት ደግሞ እስከ ዛሬ ላመናችሁን ደንበኞች የሚገባችሁ አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር ከ15 እስከ 20 እጥፍ ገደማ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ ናፍጣውም በዚያ ትኩስ አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ግን የቀዘቀዘው ብረት የታመቀውን አየር ሙቀት ስለሚወስድበት፣ ከተረጨው ናፍጣ ከፊሉ ሳይነድ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም ከዚሁ የሚመጣ ነው። የማሞቂያ ካንዴላዎች የተሠሩት ይህንን ለመከላከል ነው፤ ጫፋቸው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቃጠሎውን ያግዛል። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ደካማው ካንዴላም፣ የተሸበሸበው የናፍጣ ቱቦ ጎማም፣ ናፍጣ የሚረጨውና በጥቂቱ የሚያንጠባጥበው ኢንጀክተርም ጤነኛ ይመስላሉ። እኩለ ቀን ላይ ከመንገድ የገባ መኪና ስለ ጠዋቱ ሽታ ምንም ሊነግረን አይችልም።

መኪናው ማደር ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። የመኪኖችን ጭስ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለኩ ቤተ ሙከራዎች እንኳን፣ ደብልዩ ኤል ቲ ፒ በተባለው የልኬት ሥርዓት ሞተርን ከቀዝቃዛ መነሻ ለመፈተሽ መኪናውን ከ6 እስከ 36 ሰዓት ያቆሙታል። ያ ሁሉ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች የሚጠብቁትን ጊዜ እኛ ወደ አንድ ሰዓት ልናሳጥረው አንችልም። ከዚህም በላይ አንድ ሌሊት የሚሰጠን አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ካመለጡን መኪናው እንደገና ማደር ይኖርበታል። ሠራተኞቻችን ማለዳ የሚገቡትና ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መሣሪያዎቻቸውን ገጥመው የሚጨርሱት ይህች ዕድል እንዳታልፍ ነው።

በዚያች ጠዋት የሚሠራውን ባለማየታችሁ አልፈርድባችሁም፤ ብታዩት ግን «ማሽተት» የሚለው ቃል እንደማይበቃው ትረዱ ነበር። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት የራዲያተሩ ፈሳሽ መጠን ይታያል፤ በክዳኑ ቦታ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ግፊቱ ሳይቀንስ መቆየቱ ይጠበቃል። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ በሜትር ይለካሉ፤ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ኦም ይጠጋል፣ የተቃጠለው ግን መስመሩ የተቆረጠ ሆኖ ይታያል። ከኢንጀክተሮቹ የሚመለሰውን ናፍጣ ለመለካት ደግሞ እያንዳንዱ የመመለሻ ቱቦ በየራሱ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት እንደቆየ ሦስቱ ብልቃጦች ታችኛው መስመር ላይ ሳሉ አራተኛው ከግማሽ በላይ ሞልቶ ከተገኘ፣ የትኛው ኢንጀክተር ውስጡ እንደተበላ ያለ ክርክር ታወቀ ማለት ነው። ይህን ጊዜ ደንበኛው አራቱንም እንዲቀይር አንጠይቀውም።

ሽታውም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥሬ የናፍጣ ሽታ ከኮፈን ሥር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌሊት በብርድ የጠበበ የናፍጣ መመለሻ ቱቦ ጎማ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ሰፍቶ ስለሚገጥም እርጥበቱ ይደርቃል፣ ማስረጃውም ይጠፋል። የተቃጠለ ጭስ ሽታ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ሲገባ በኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ጋዝ እያሳለፈች ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን በኢንጀክተሩ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የደረቀ ክምችት ይገኛል፣ ጆሮውን ያቀረበ ሰውም የትንፋሽ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ጣፋጭ ሽታ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ መስታወቱን በእርጥበት የሚያደበዝዝ ከሆነ የተሳፋሪውን ክፍል የሚያሞቀው ትንሹ ራዲያተር ይጠረጠራል፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ወይም ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው ክፍል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከላይኛው ክዳን ጋስኬት ወርዶ የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ሊሆን ይችላል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሲመጣ ግን ናፍጣውን ትተን ወደ ባትሪውና ወደ ዲናሞው እንሄዳለን፤ ከመጠን በላይ የሚሞላ ባትሪ እንዲህ ይሸታልና። የኮምፒዩተር መመርመሪያው ከእነዚህ አብዛኞቹን አያውቃቸውም፤ የሚነግረን ዳሳሾቹ የደረሱበትን ብቻ ነው።

«ካንዴላውን ቀይሩልኝና ልሂድ» ለምትሉን ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። በጊዜ ብዛት ዝገትና ጥቀርሻ የያዘው የማሞቂያ ካንዴላ ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ሊሰበር ይችላል፤ የተሰበረውን ለማውጣት አንዳንዴ ቴስታታው መውረድ አለበት። ጤነኛ ካንዴላን በግምት ለመፍታት እጄ የማይታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት መፍቻ በማቀበል ነው። ያሠለጠኑኝ አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት መኪናውን ዞረው ያሸቱ ነበር፤ ነገር ግን ሽታው መነሻ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ደጋግመው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ጋራዥ ስከፍት የያዝኩት ትልቁ ንብረት ይህ ትምህርት ነበር፤ አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶችም የማስተላልፈው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የምርመራ ሥራችን ገንዘብ ማግኛ ሰበብ ተደርጎ ሲነገር ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ለብዙ ጊዜ ምርመራን በነፃ ስንሠራ ኖረናል፤ ድካሙንም በምንቀይረው መለዋወጫ ዋጋ ውስጥ እናካክሰው ነበር። አሁን የመመርመሪያው ኮምፒዩተር ሶፍትዌር በየዓመቱ ፈቃዱ ይታደሳል፣ የመለዋወጫው መግዣ ጨምሯል፣ የቤት ኪራዩ ጨምሯል፣ የሠራተኞቼ ኑሮም ተወዷል፤ ለሚያድሩ መኪኖች ጥበቃና ዋስትናም እንከፍላለን። ነገር ግን ወጪ ባይጨምር ኖሮም ይህን አሠራር መቀየር እፈልግ ነበር። ዕቃ ሲቀይር ብቻ የሚከፈለው ጋራዥ የሚቀየር ዕቃ መፈለጉ አይቀርም። የላላ ክላምፕ (የቱቦ ማሰሪያ) አጥብቀን ስንሸኛችሁ ለሥራችን የምትከፍሉን ከሆነ፣ ያልተበላሸውን ኢንጀክተር ተበላሽቷል የምንልበት ምክንያት አይኖርም። የምርመራው ክፍያ እናንተንም እኛንም የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው።

የሠራተኞቼ ጤናም አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ሞተሩን የምናስነሳው ደጅ ነው፤ «እስቲ አሁን አስነሱትና አሽቱልኝ» የሚል ጥያቄ በቀን ደጋግሞ ሲመጣ እምቢ የምንለውም ተሰላችተን አይደለም።

ከእናንተ መካከል የአባቶቻችሁን መኪና ስንጠግን ልጅ ሆናችሁ አብራችሁ የመጣችሁና ዛሬ የራሳችሁን መኪና የምታመጡልን አላችሁ። ይህ ቤት የቆመው በእናንተ ነው። ሌላ ጋራዥ የሄዳችሁትንም አንቀየምም፤ ሽታው ከተመለሰ ግን እባካችሁ ሳትሸማቀቁ ተመለሱ፣ የቀየሩላችሁን ዕቃ ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ ምርመራውን ያቀልልናል።

መኪናውን የምታስረክቡን አመሻሹ ላይ ይሁን፤ ቁልፉን ከተቀበልን በኋላ እስከ ማለዳ ማንም አያስነሳውም። ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩን አታሳጥቡ፣ ናፍጣው ውስጥም ማጽጃ ፈሳሽ አትጨምሩ፤ ሁለቱም የምንፈልገውን ምልክት ያጠፉብናል። ሽታው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ጭሱ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይስ ጥቁር፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፣ የራዲያተሩ ፈሳሽስ ይቀንሳል ወይ የሚለውን በወረቀት ጻፉልን። ጭስ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባ ከሆነ መኪናውን ከመጠቀም ተቆጠቡ፤ አብሮት ሊገባ የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና ሽታው ቀነሰ ማለት አደጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። ናፍጣ ሲንጠባጠብ ካያችሁም አታስነሱት፤ ደውሉልንና ካለበት ድረስ መጥተን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት