ራዲያተር ስትቀይሩ የካምቢዮው ኩለር የት እንደገባ ጠይቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይቺን የምጽፈው አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ለሚነዱ ሰዎች ነው፣ በተለይ ፎር ዊል ለሆኑት፣ ራቭ ፎር፣ ኤክስትሬል፣ ቪታራ ምናምን ለያዛችሁ። ከተማችን ጋራዦች ውስጥ አንድ የተለመደ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) እየጨረሰበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ራዲያተር ይበሳል ወይ የፕላስቲክ ታንኩ ይሰነጠቃል፣ መካኒኩ ልኩ የሆነ ራዲያተር ፈልጎ ይገጥማል፣ ሞተሩ መሞቁን ያቆማል፣ ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል። ግን የተገጠመው የማንዋል መኪና ራዲያተር ነው። የአውቶማቲኩ ራዲያተር ታንኩ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ኩለር አለው፣ ከካምቢዮው የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች እዛ ላይ ነው የሚገቡት፣ የማንዋሉ ግን ይሄ ነገር የለውም። ስለዚህ ቱቦዎቹ መግቢያ ሲያጡ በቁራጭ ጎማ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ባለቤቱ ከጠየቀ ደግሞ "ችግር የለውም፣ ዘይቱ ይዞራል" ይባላል። መዞሩንማ ይዞራል፣ ሳይቀዘቅዝ ነው እንጂ!

እኔ ከሰው የገዛሁት የ2002 ሞዴል ራቭ ፎር ላይ ያገኘሁት ይሄንን ነው። ከራዲያተሩ ሥር የነዳጅ ጎማ ነው የታሰረው፣ አብጧል፣ ማሰሪያው ጋ ዘይት ያዣል፣ አቧራ ተጋግሮበታል። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ በሶፍት ስጠርገው ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ሆኗል፣ ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን የሙቀት መርፌው ቦታው ላይ ነው ያለው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያሳየው የሞተሩን ውሃ እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አይደለም። አደገኛው እዚህ ጋ ነው፣ መኪናው ምንም ሳይነግርህ ነው ውስጥ ለውስጥ የሚያልቀው።

የካምቢዮ ዘይት 80 እና 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጤነኛ ነው፣ ወደ 120 ሲጠጋ መበላሸት ይጀምራል፣ ከዛ ሲያልፍ ላስቲኮቹ ይደርቃሉ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ኃይል እየጨበጡ የሚያስተላልፉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ። የእኛ አገር ደግሞ ለዚህ ነገር አይመችም፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ የሚያቀዘቅዝ ጉልበቱም ያንሳል፣ በዛ ላይ ቀኑን ሙሉ በትራፊክ መንፏቀቅ አለ፣ እንጦጦን መውጣት አለ፣ ጎጃም ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከአባይ በረሃ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ያለ ኩለር ይሄን መውጣት ካምቢዮውን መቀቀል ማለት ነው።

ፎር ዊል ከሆነ ጣጣው ይብሳል። ለኋላ ጎማ ኃይል የሚያካፍለው ክፍል ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ነው፣ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው መኪና ካምቢዮ ቢገኝም አይገባም፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ቢሆን የፎር ዊሉን ማግኘት ትዕግስት ይፈልጋል። መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ የፊት ጎማውን አንጠልጥሎ መጎተት አይቻልም፣ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛው የራሱን የአውቶማቲክ ራዲያተር መግጠም ነው፣ ስትገዙ ታንኩ ላይ ሁለቱ ተጨማሪ የቱቦ መግቢያዎች መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ፣ ያገለገለ ከሆነ በአየር ግፊት አስፈትሹት፣ ውስጡ ያለው ኩለር የበሳ ከሆነ ውሃና ዘይት ይቀላቀልና ካምቢዮው ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ነገር ታገኛላችሁ፣ ያኔ የባሰ ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ለብቻው የሚሸጠውን ኩለር ከኤሲው ራዲያተር ፊት ለፊት ማሰር ነው፣ እኔ ይሄን ነው ያስገጠምኩት፣ ብቻ ጎማው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ይሁን፣ የውሃ ወይ የነዳጅ ጎማ ሙቀቱንም ዘይቱንም አይችልም። ዘይቱም ያገኙት አይደለም የሚሞላው፣ የኔ ዓይነቱ ራቭ ፎር ቲ ፎር የሚባለውን ነው የሚፈልገው፣ ልኩም የሚታየው መኪናው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ልንነዳቸው ነው። ስለዚህ ጋራዦችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ልኩ የሆነው ዕቃ ከጠፋ ጠፋ በሉን፣ ኩለሩን ዘላችሁ ካገናኛችሁም ደረሰኙ ላይ ጻፉልን፣ ባለቤቱ አውቆ ይወስን። ለቦሎ ምርመራ የሚመለከቱ ባለሙያዎችም ፍሬንና መብራት ካዩ በኋላ አውቶማቲክ መኪና ሲሆን እነዛን ሁለት ቱቦዎች አንዴ በባትሪ ቢያበሩባቸው ደቂቃ አይፈጅም።

አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ