መርከቡ ከመከራየቱ በፊት፦ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ለማስገባት ለሚዘጋጁ የኢነርጂ ሚኒስትሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት ሚኒስትሮች፣

ጋዝ በመርከብ የሚያስገቡ አገሮች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመን በ2022 መጨረሻ ቪልሄልምስሃቨን ወደብ ላይ የመጀመሪያ ተንሳፋፊ ተርሚናሏን (ፈሳሹን ጋዝ ተቀብሎ አከማችቶ መልሶ ወደ ጋዝ የሚለውጥ መርከብ) ሥራ አስጀመረች። ፊሊፒንስና ቬትናም የመጀመሪያ ጭነታቸውን የተቀበሉት በ2023 ነው። ዞህር የተባለው የራሷ የባሕር ጋዝ መስክ ምርት ሲደርስላት በ2018 ከውጭ መግዛት ያቆመችው ግብጽ በ2024 ተመልሳ ገዢ ሆናለች። በዓለም በዓመት የሚሸጠው ፈሳሽ ጋዝ 400 ሚሊዮን ቶን አልፏል። እናንተም ዘንድ የአቅራቢዎችና የመርከብ አከራዮች ሰነድ እየተደራረበ እንደሆነ እናውቃለን።

የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስሌቱን ጋዙ ከሚቃጠልበት ቦታ ጀምራችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ መርከቡ ሂዱ። በተግባር የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መጀመሪያ ተርሚናሉ ይፈረማል፣ ቀጥሎ ጋዝ ይፈለጋል፣ የኃይል ማመንጫውና የቧንቧው ውል በመጨረሻ ይመጣል። በሌላ ነዳጅ ቢሆን እንዲህ ያለው መዘባረቅ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነበር። በዚህኛው ግን ከጊዜም በላይ ያስከፍላል፤ ምክንያቱን ለማየት ከጋዙ ጠባይ መነሳት ያስፈልጋል።

የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ነው። ያን ጊዜ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ያንሳል፤ በመርከብ መጫን የተቻለውም በዚህ ነው። ታንኩ ምንም ያህል በወፍራም ሽፋን ቢጠቀለል ሙቀት መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ፈሳሹ ሁልጊዜ በዝግታ ይፈላል። በተንሳፋፊ ተርሚናል ላይ ትነቱ በቀን ከይዘቱ 0.15 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል። 170,000 ሜትር ኩብ በሚይዝ መርከብ ሲሰላ በቀን 255 ሜትር ኩብ ፈሳሽ፣ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 150,000 ሜትር ኩብ ያህል ማለት ነው። ይህ ተን የሚሄድበት ያስፈልገዋል። ወይ ይሸጣል፣ ወይ በመርከቡ ሞተር ይቃጠላል፣ ወይ ተጨምቆና ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ሁሉም ካልተቻለ በችቦ ይነድዳል። ናፍጣ በዴፖ ተቀምጦ ገዢውን ይጠብቃል፤ ይህ ጋዝ አይጠብቅም።

አሁን 500 ሜጋዋት የሚያመነጭ፣ የጋዝና የእንፋሎት ተርባይን አጣምሮ የሚሠራ አንድ ጣቢያ እንውሰድ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ወደ 6,800 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው፤ የጋዝ ዋጋም የሚሰላው በሚሊዮን ቢቲዩ ነው) ሙቀት ይፈልጋል። ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ በቀን 2.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ የመርከብ ጭነት 44 ቀን ገደማ ያቆየዋል። በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ መርከብ ይበቃዋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ደስ የሚል ቁጥር ነው። ጣቢያው ግን ለጥገና ሁለት ሳምንት ቢቆም፣ ወይም ዝናቡ ጥሩ ሆኖ የውኃ ግድቦች ሞልተው ጋዙ ባይፈለግስ? ትነቱ አይቆምም። ቀጣዩ መርከብም በዓመት መርሐ ግብር ከወራት በፊት ቀኑ ተቆርጦለት መንገድ ላይ ነው። ታንኩ ግማሽ እንደሆነ ቢደርስ ግማሹን ብቻ አራግፎ ባሕር ላይ ይቆማል፤ ዲመሬጁን፣ ማለትም የመርከቡን የመዘግየት ቅጣት፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሌላም ጣጣ አለ። ፈሳሹ ታንክ ውስጥ ሲቆይ ቀድመው የሚተኑት ናይትሮጅንና ሚቴን ናቸው፤ የሚቀረው እየከበደ ይሄዳል። በላዩ የተለየ ክብደት ያለው አዲስ ጭነት ሳይቀላቀል ቢገባ በታንኩ ውስጥ ሁለት ንብርብር ይፈጠራል። ታችኛው ንብርብር እየሞቀ ክብደቱ ከላይኛው ጋር ሲተካከል በድንገት ይገለበጣል፤ በሰዓታት ውስጥም የሳምንታት ትነት ይወጣል። በ1971 ጣሊያን ላ ስፔዚያ አጠገብ የደረሰው ይህ ነው፤ ወደ 2,000 ቶን የሚጠጋ ተን አየር ላይ ወጥቷል። መከላከያው የታወቀ ነው። አዲሱ ጭነት ከባድ ከሆነ ከላይ፣ ቀላል ከሆነ ከታች ይሞላል፤ የየንብርብሩ ሙቀትና ክብደት ከላይ እስከ ታች ይለካል፤ ልዩነት ከታየ በፓምፕ ይማሰላል። በትንሽ ፍጆታ ጭነቱን ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ አገር ለዚህ አደጋ ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። የአቅራቢዎች ሰነድ ውስጥ ይህን ብዙ ጊዜ አናገኘውም።

ወደ ኪራዩ እንምጣ። ለምሳሌ የተንሳፋፊ ተርሚናል ኪራይ በቀን 120,000 ዶላር ነው እንበል። በዓመት ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል፤ ጋዝ አለፈም አላለፈም ይከፈላል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ቢያልፍበት ኪራዩ በአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ላይ የሚጨምረው 28 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ከላይ ያልነው ብቸኛ ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢጠቀምበት ወደ 1.50 ዶላር ይጠጋል፤ ጣቢያው በግማሽ ኃይሉ ከሠራ ደግሞ 3 ዶላር ገደማ። የማሰሪያው ድልድይ፣ የጎታች ጀልባዎች፣ የባሕር ውስጥ ቧንቧና የወደብ ቁፋሮ ገና አልተጨመሩም። የተጫነ መርከብ ወደ 12 ሜትር ስለሚጠልቅ የመግቢያው ቦይ ጥልቀት ከዚያ መብለጥ አለበት፤ ደለል የሚሞላው ወደብ ከሆነ ቁፋሮው የየዓመት ወጪ ነው።

ፍጆታው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በቀን 14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወደ ቧንቧ የሚልክ ተርሚናል 170,000 ሜትር ኩብ ታንኩን በሰባት ቀን ይጨርሰዋል። ባሕሩ ሦስት ቀን ቢናወጥና መርከብ መጠጋት ባይችል፣ የአገሪቱ የኃይል መጠባበቂያ ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ባንግላዴሽ ሁለቱንም ተርሚናሎቿን ሞሄሽካሊ አጠገብ ክፍት ባሕር ላይ አስቀምጣለች። በግንቦት 2023 ሞካ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሁለቱም የሚመጣው አቅርቦት ተቋረጠ፤ በግንቦት 2024 ደግሞ ሬማል አንደኛውን ጎዳውና ለወራት ከሥራ ውጭ ሆነ። ስለዚህ የተርሚናል ቦታ ስትመርጡ ጠይቁ፦ በዓመት ስንት ቀን ማዕበሉ መርከብ ለመርከብ ማሰር አያስችልም? በተከታታይስ እስከ ስንት ቀን? አማካዩ አይጠቅማችሁም፤ የሚጎዳው በተከታታይ የሚመጣው ነው። ተርሚናሉም መርከብ ስለሆነ ለምርመራና ለጥገና የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በቦታው ማን እንደሚቆምና ማን እንደሚከፍል ከኪራይ ውሉ ውስጥ ይግባ።

ዋጋውን በተመለከተ ረዘም አድርገን መጻፍ አለብን፤ አገሮች ክፉኛ ሲጎዱ ያየነው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ትልቅ ጭነት ወደ 3.8 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ቢቲዩ ያህል ሙቀት ይይዛል። በሚያዝያ 2020 በሰሜን ምሥራቅ እስያ የዕለት ገበያ (ያለ ረጅም ውል ጭነት በጭነት የሚገዛበት) ዋጋው ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ከ2 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በመጋቢት 2022 ወደ 85 ዶላር ተጠጋ። ያው አንድ መርከብ በመጀመሪያው ዋጋ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በታች፣ በሁለተኛው ከ320 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሲታይ፣ በ12 ዶላር የተገዛ ጋዝ በጥሩ ጣቢያ ላይ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል የነዳጅ ወጪ አለው። በ35 ዶላር ሲሆን 24 ሳንቲም ይደርሳል፤ እንፋሎት ሳይጨመርበት ብቻውን በሚሠራ ተርባይን ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይብሳል። ይህን በታሪፍ ከሕዝብ መሰብሰብ የሚችል መንግሥት ጥቂት ነው። ካልተሰበሰበ ማከፋፈያው ለማመንጫው፣ ማመንጫው ለጋዝ አስመጪው አይከፍልም፤ ዕዳው ዞሮ በገንዘብ ሚኒስቴር ላይ ያርፋል።

ፓኪስታን ሁለቱንም ጎን ያየች ናት። በሐምሌ 2022 አሥር ጭነት ለመግዛት ያወጣችው ጨረታ አንድም ተጫራች አላገኘም፤ አውሮፓ በከፍተኛ ዋጋ መርከቦቹን ስባ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ኤሌክትሪክ የተወደደበት ሕዝብና ፋብሪካ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ተከለ፤ በ2024 ብቻ ወደ 17 ጊጋዋት የሚጠጋ የፀሐይ ፓነል ወደ አገሪቱ ገባ። የጋዝ ፍጆታው ወረደ፣ መንግሥት ከካታር በውል የሚመጡ አምስት ጭነቶች ከ2025 ወደ 2026 እንዲገፉለት ጠየቀ። ረሃቡም ጥጋቡም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፦ በውል የተያዘው መጠን በእርግጠኝነት ከሚቃጠለው መጠን ጋር አልተመጣጠነም።

እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። በረጅም ጊዜ ውል የምትይዙት ዝናቡ ጥሩ በሆነበትና የፀሐይ ኃይልም በተስፋፋበት ዓመት እንኳ የሚቃጠለውን መጠን ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ ያለው በሁለትና በሦስት ዓመት ውል ይገዛ፤ ለዕለት ገበያ የሚተወው ቢታጣ በሌላ ነዳጅ ሊተካ የሚችለው ብቻ ነው። የረጅም ጊዜ ውል «ወሰድክም አልወሰድክም ክፈል» ይላል፤ ስለዚህ ትንሹ ጽሑፍ ትልቅ ገንዘብ ነው። መጠኑን በዓመት ቢያንስ 10 በመቶ የመቀነስ መብት ይኑራችሁ። የከፈላችሁበትን ያልተወሰደ ጋዝ በቀጣዮቹ ዓመታት የመውሰድ መብትም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን ያልፈለጋችሁትን መርከብ ለሌላ ገዢ የማዞር መብት አስገቡ። ሻጮች መዳረሻ ወደቡን በውሉ ማሰር ይወዳሉ፤ የጃፓን የንግድ ውድድር ኮሚሽን ግን በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ገደቦች የውድድር ሕግን ሊጥሱ እንደሚችሉ አስታውቋል። በድርድር ላይ ይህን ጥቀሱት።

ቀመሩ ላይም ተጠንቀቁ። ብዙ ውሎች የአንድ ሚሊዮን ቢቲዩን ዋጋ ከብሬንት ድፍድፍ (የዓለም የነዳጅ ዘይት መነሻ ዋጋ) በርሜል ዋጋ በመቶኛ ያስሉታል። ፓኪስታን በ2016 በ13.37 በመቶ፣ በ2021 ደግሞ በ10.2 በመቶ ከካታር ጋር ተስማምታለች። ድፍድፉ 80 ዶላር ሲሆን የመጀመሪያው 10.70፣ ሁለተኛው 8.16 ዶላር ይሰጣል። ልዩነቱ በአንድ ትልቅ ጭነት ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ ዋጋ የሚከለስበት አንቀጽ የሌለበትን የ15 ዓመት ውል አትፈርሙ። አቅራቢዎቻችሁም ሁሉ ከአንድ ወሽመጥ የሚጭኑ አይሁኑ፤ በ2024 ከዓለም የፈሳሽ ጋዝ ንግድ አንድ አምስተኛ ያህሉ ያለፈው የፋርስ ባሕረ ሰላጤ መውጫ በሆነው በሆርሙዝ ሰርጥ ነበር።

ክፍያው በዶላር ነው። ሻጩ በባንክ የተረጋገጠ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ይፈልጋል፤ የተራገፈው ሳይከፈል ቀጣዩ መንገድ ላይ ስለሚሆን በማንኛውም ቀን የሁለት ወይም የሦስት መርከብ ገንዘብ ተይዞ መቀመጥ አለበት። በ12 ዶላር ሲሰላ ከ90 እስከ 137 ሚሊዮን ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንኩ ይህን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ የተፈረመ የጋዝ ውል ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ይወልዳል።

ስለ ደኅንነት አጭር እንሁን፤ ደንቦቹ የታወቁ ናቸው፣ የሚጎድለው ተቆጣጣሪ ነው። በሰኔ 2022 ቴክሳስ ፍሪፖርት ላይ የደረሰው ፍንዳታ ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ በሁለት ቫልቮች መካከል ፈሳሽ ጋዝ ታሰረ፣ ግፊቱን የሚያስተነፍሰውም ቫልቭ ተዘግቶ ነበር። ፈሳሹ ሞቀ፣ ቧንቧው ፈነዳ፤ በዓመት ወደ 15 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ተቋም ለወራት ቆመ። ስለዚህ ከመርከቡ ጋር አብሮ የሚመጣውን ባለሙያ ብቻ አትመኑ። የእያንዳንዱን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሁኔታ በመዝገብ የሚከታተል፣ ከአከራዩ ደመወዝ የማይቀበል የራሳችሁ ሰው መርከቡ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሥልጠና ይጀምር።

ከፊርማው በፊት እነዚህን ይፋ እንድታደርጉ እንጠይቃለን፦ በዝናባማ ዓመት በየወሩ የሚቃጠለው የጋዝ መጠን፣ የዋጋው ቀመር፣ በዓመት የሚከፈለው ዝቅተኛ ገንዘብና የመውጫው አንቀጽ። የጋዝ ግዥው፣ የተርሚናሉ ኪራይና የኤሌክትሪክ ሽያጩ ውሎች አንዱ ያለ ሌላው ሥራ ላይ እንዳይውል ተደርገው በአንድ ቀን ይፈረሙ። ሰነዱ ይፋ ከሆነ ስሌቱን መስመር በመስመር አይተን በ30 ቀን ውስጥ አስተያየታችንን በጽሑፍ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጋዝ ግዥ፣ በተርሚናልና በኃይል ማመንጫ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች