«ለስላሳ ስፖንጅ ያክሉበት» ላላችሁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

«የመኪናዎ ወንበር አልመች ብሎዎታል?» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለማያስታውስ አንባቢ ባጭሩ ልበል፦ ለማይመች የመኪና ወንበር ስፖንጅ ከመጨመር እስከ ልብስ ማልበስ መፍትሔ የሚደረድር፣ መጨረሻውም ወንበርን ለመንገድ ዳር ሰፊዎች አትስጡ የሚል ነው። እኔ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ እሱንም አንድ ደንበኛዬ አራት ቦታ አጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ይዞልኝ መጥቶ። ከመፍትሔዎቻችሁ አንዱን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል፦ «በወንበሩ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ያክሉበት»። የተነሣሁት በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። የቀረውን ጋዜጣ ገጹን መሙላት አለበት ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ይህችን ግን አላልፋትም፤ ገንዘቤንም ስሜንም አስከፍላኛለች። ባለቤቴ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላኛለች። ሌላ ጊዜ እሰማት ነበር።

ሥራዬ የመኪና ወንበር መጠገንና ማልበስ ነው። ሱቄ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በብየዳ ቤትና በጎማ ቤት መካከል ነው። ሙያውን ከያዝኩት ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ መሀል ከተማ ነበርን፤ ተነሣን። ከዚያ ሳሪስ አካባቢ ገባን፤ ከዚያም ተነሣን። አሁን የከተማው ጠርዝ ላይ ነን፤ አንድ ጊዜ ደግመን ብንነሣ ቀጣዩ ቢሾፍቱ ነው።

ደንበኛዬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ሥራው ሜክሲኮ ነው። በቪትዝ መኪናው ጠዋትና ማታ ይመላለሳል፤ ወገቡን በግራ በኩል ያመዋል። «ወንበሩን ልግለጠውና ከሥር ልየው» አልኩት። «ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» አለኝ። ጋዜጣ ላይ ከወጣማ እኔ ማን ነኝ? ስፖንጁን በልኩ ቆረጥኩ፣ በማስቲሽ ለጠፍኩ፣ የወንበሩን ልብስ ፈትቼ አስፍቼ ሰፋሁለት። ግማሽ ከፍሎ፣ ግማሹን በወሩ መጨረሻ ብሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ። 10 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ተጨፍልቆ ግማሽ ቢሆን እንኳ፣ ሰውየውን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አውጥቶታል። በእሱ ራስና በቪትዟ ጣሪያ መካከል ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ቦታ አልነበረም። ራሱ ጣሪያውን ይነካል። መሪው ጭኑ ላይ ያርፋል። የትራፊክ መብራት ለማየት ማጎንበስ ግድ ሆኖበታል። ከሁሉ የከፋው፣ የራስ መደገፊያው ወደ ማጅራቱ ወርዷል፤ ከኋላ የሚገጨው ቢመጣ አንገቱን የሚይዝለት ነገር የለም ማለት ነው። ወገቡስ? ብሶበታል። ከመኪናው እንደወረደ ያለኝ፦ «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» የሚል ነው። ከ«ጋሼ» ወደ «አንተ» ለመውረድ ሦስት ሳምንት ብቻ ፈጀብኝ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ገለጥኩት። አራቱን ብሎን ፈትቼ ወንበሩን አወጣሁና ጆንያ ላይ ገለበጥኩት። ከሥር እንደ እባብ የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉ፤ እኛ ሞላ የምንላቸው። ከወንበሩ ብረት ጋር የሚያያዙት በትንንሽ የፕላስቲክ መያዣ ነው። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ከመያዣቸው ወልቀው ተንጠልጥለዋል። የፋብሪካው ስፖንጅ በዚያ በኩል ሰርጉዷል፤ ሰውየው ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ዳሌው ወደ ግራ ዘንብሎ ሲነዳ ኖሯል። ለምን በግራ? ሹፌር ሲገባም ሲወጣም ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በበሩ በኩል ስለሆነ ነው። ወንበሩን ያጎደጎደው እዚያው ጠርዝ ላይ የሚወድቀው የየዕለቱ ክብደት ነው። ከሽቦዎቹ መካከል አንድ የብር ሳንቲም፣ የሱፍ ልጣጭና አንዲት የሕፃን ጫማ አገኘሁ። «ይህችን ጫማ ስንት ወር ፈልገናታል!» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሁለቱን ሞላ በፒንሳ ስቤ መለስኳቸው፤ መያዣዎቹን ቀየርኩ፤ የእናንተን ስፖንጅ ገፍፌ ጣልኩት። ጠቅላላ ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም።

የጽሑፋችሁ ስሕተት ይህ ነው፦ ሕመሙ ከሥር፣ ሕክምናችሁ ከላይ። ሞላው ወልቆ፣ ብረቱ ተሰንጥቆ ወይም የወንበሩ ሐዲድ ተጣሞ ሳለ ከላይ ስፖንጅ መጨመር፣ ምሰሶው የዘመመን ቤት ቀለም እንደ መቀባት ነው። ቀለሙም ይዘማል።

ስለ ስፖንጁ ራሱም ልናገር። ይህ እንኳ ስድብ አይደለም፤ ዕውቀት ነው፣ በነጻ። «ለስላሳ» ብላችሁ ያለፋችሁት ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። አንዱ በእጅ ሲጫኑት የሚሰማው ልስላሴ ነው። ሌላው እፍግታው ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ። ለስላሳ ሆኖ እፍግታው ከፍ ያለ ስፖንጅ አለ፤ ጠንካራ መስሎ በሦስት ወር የሚሞትም አለ። የመኪና ፋብሪካ በቅርጽ የሚያፈስሰው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ለርካሽ ፍራሽ የሚሸጠው ግን የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንባቢዎቻችሁ እንዳይታለሉ ሚዛን ይጠቀሙ፦ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 400 ግራም ከመዘነ እፍግታው 16 ኪሎ ነው፤ ሹፌር አይሸከምም። 750 ግራም ከመዘነ 30 ነው፤ ከዚያ ጀምሮ መነጋገር ይቻላል። ይህን ለመጻፍ ምን ያህል ቦታ ይፈጅባችሁ ነበር? ሁለት መስመር። ቦታውን ግን ፎቶው ወስዶታል።

ፎቶውን ካነሣን አይቀር! ያ ፈገግ ያለ ሰውዬ የተቀመጠባት መኪና መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። እዚህ አገር ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ፣ መሪያችንም በግራ ነው፤ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወገቡን የታመመ ሹፌር እኔ ዘንድ አልመጣም። ጽሑፉ ከየት አገር እንደተሻገረ ያን ጊዜ ገባኝ። «በክረምት የወንበሩን ማሞቂያ ያብሩ» የሚለው ምክርም የተገለጠልኝ ያኔ ነው። በእኛ ክረምት ወንበር የሚያስፈልገው ማሞቂያ ሳይሆን ማድረቂያ ነው። በጣሪያና በበር ጎማ በኩል ውኃ ገብቶ ሻግቶ የሚመጣልኝን ስፖንጅ አንድ ቀን መጥታችሁ አሽትቱት።

ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ ልጄ «አባዬ፣ ረጋ በል» ትለኛለች። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። ለመርጋት ያህል እሷ ካሳየችኝ አንዱን ልጥቀስ። የተቀመጠ ሰው ገላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጥ ንዝረት አብልጦ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆንበት ጊዜ ነው ይላሉ፤ አይኤስኦ 2631 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም በዚህ ላይ ይቆማል። ተራ የስፖንጅ ወንበር ደግሞ ራሱን ችሎ የሚዘልለው በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ ንዝረቱን በመዋጥ ፈንታ አባዝቶ ወደ ወገብ ይልከዋል። በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ የነዳ ሰው ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል። አባቶቻችን በቮልስ ሲነዱ ከመቀመጫቸው ሥር የነበረው ሞላና ከላዩ የተነጠፈ፣ እንደ ቃጫ ያለ ሻካራ ጭረት ነበር። ሳላጋንን፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት እንደዚያ ያለ ወንበር ገልጬ ጭረቱን አራግፌ መልሼዋለሁ፤ ባለቤቱም ሳይማረር ሲነዳ ኖሯል።

አንድ ነገር አምናለሁ፤ ስፖንጅ መጨመር አልፎ አልፎ ልክ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ደንበኞች ይመጡልኛል። ብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጭን ከወንበሩ ይለቅቃል፣ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ይወድቃል። ለእንዲህ ያለው ከወንበሩ የፊት ጠርዝ ሥር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የስፖንጅ ሽብልቅ እናስገባለን። ከፊት፣ ከልብሱ ሥር፣ በልኩ። 10 ሳንቲ ሜትር ከላይ አይደለም!

አሁን ደግሞ ወደሚያንገበግበኝ። በጽሑፋችሁ መጨረሻ «ወንበርዎን ለመንገድ ዳር ሰፊዎች ከመስጠት ይቆጠቡ» ብላችኋል። ለምን? አንድ ቃል ምክንያት የለም። የመንገድ ዳር ሰፊ እኔ ነኝ። መንገድ ዳር የሆንኩት መንገድ ስለምወድ አይደለም። አንድ ጋዜጠኛ ከእናንተ ቢሮ ተነሥቶ ቃሊቲ ድረስ ቢመጣ፣ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እየገባ፣ ቡናችንን እየጠጣ፣ በግማሽ ቀን ከዚያ ጽሑፍ የተሻለ ይዞ ይመለስ ነበር። ሙያውን የሚያውቅ የመንገድ ዳር ሰፊ፣ በወንበሩ ጎን «ኤርባግ» (በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት) የሚል ምልክት ካየ ያንን ጎን በወፍራም ክር አይዘጋውም፤ አደጋ ሲደርስ ከረጢቱ ቀድዶት መውጣት አለበትና። ጽሑፋችሁ ግን «ያማረ የወንበር ልብስ ያልብሱ» ብሎ በግጭት ጊዜ ነፍስ ስለሚያድነው ስፌት አንድም አልተናገረም።

«ወንበርዎን ወደ ኋላ ይግፉት፣ ጉልበትዎ ዘና ይበል» የሚለውን ምክር ደግሞ ለማን እንደጻፋችሁት ጠይቁልኝ። እዚህ ዳር የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን ከከተማ የምንገናኘው በሚኒባስ ነው። የሚኒባስ የኋላ ረድፍ ከኋላው ያለው በር ነው፤ ወዴት ይገፋል? ወንበሩ ለሦስት ሰው ነው፤ አራተኛው ሲመጣ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ይላል፤ የእናንተ ምክር ያኔ ምን ይላል? ያ ረድፍ ከኋላ ጎማው ዘንግ በላይና ከዚያም ወዲያ ስለሆነ፣ ባሌስትራው (ከመኪናው ሥር ያለው የብረት ሞላ) የሚያነሣውን ጉብታ ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ሐቁን ልናገርና፣ ከእነዚያ ወንበሮች አንዳንዱን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ጎረቤቴ ከቱቦላሬ ብረት ይበይዳል፤ እኔ እሸፍናለሁ። ባለንብረቱ ቆሞ «አሳጥረው፣ አሳጥረው» ይላል። አንድ ጊዜ መቀመጫው ከፊት ወደ ኋላ 35 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ሜትሩን አሳየሁት፤ የአዋቂ ሰው ጭን ከፊሉ አየር ላይ ነው አልኩት። «ተሳፋሪ ወርዶ ይሄዳል፤ አንተ እኔን አስደስተኝ» አለኝ። ሠራሁለት። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ብትጽፉት የሚያነበው ብዙ ነበር፤ እኔም እንኳ አፍሬ አነበው ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያችን ዐረፍተ ነገር አርሙ፤ ማረሚያውንም ጽሑፉ በወጣበት ገጽ አውጡት፣ ከሟች ማስታወቂያ ሥር አይደለም። ስለ መንገድ ዳር ሰፊዎች ያላችሁትን ደግሞ ወይ ምክንያቱን ጻፉ ወይ አንሡት። ደንበኛዬ ቀሪውን 1,200 ብር እስካሁን አልከፈለኝም፤ «ጋዜጣውን ጠይቅ» ብሎኛል። ይኸው ጠየቅኩ።

የገፈፍኩት ስፖንጅ ሱቄ በር ላይ አለ፤ ጸሐፊው መጥቶ ሊወስደው ይችላል። ቢፈጥን ይሻለዋል። ጎረቤቴ ጎማ ሠሪው ምሳ ሰዓት ላይ ይቀመጥበታል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወገቤን አለ።

አንድ የመንገድ ዳር ወንበር ሰፊ
ከቱሉ ዲምቱ መንገድ፣ አዲስ አበባ