የአውድማው ቀን እንዳይቀር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬ፣ ልጆቹ፣ ከብቱስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዘንድሮ ጤፉን በመውቂያ ማሽን ልታስወቃ መሆኑን ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። በበሬ ሲበራይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ እበት የተለቀለቀው አውድማ ሲሰነጠቅ ስንቱን ጤፍ እንደሚውጥ፣ ነፋስ ሲጠፋ ላይዳ ይዞ ሰማይ ማየት ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እማዬ «ማሽን ከመጣ የምን ደቦ፣ የምን ጠላ» አለች ማለትህ።

አስቀድሜ ስለ ማሽኑ ልበል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ እንዳታስጀምር፤ እርጥብ አገዳ በማሽኑ ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ ወንፊቱም ይደፈናል። ዛላውን በመዳፍህ ስታሸው ፍሬው ወዲያው ከረገፈ ደርሷል ማለት ነው። የጤፍ ፍሬ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስንዴ ሲወቃ በሰነበተ ማሽን ላይ ነፋሱ ካልተቀነሰ ፍሬው ከእብቁ ጋር ይበራል። ከኋላ የሚወጣውን ጭድ አንድ እፍኝ አንስተህ ሸራ ላይ አራግፈው። ፍሬ ከወረደ ባለማሽኑ ነፋሱን ይቀንስ፣ ነዶ የሚያጎርሱትም ሰዎች ዝግ ይበሉ። ሸራውን ከማሽኑ ሥር ብቻ ሳይሆን ጭዱ እስከሚወድቅበት ድረስ አንጥፈው።

አሁን ወደ ድግሱ። ድሮ ውቂያውና ድግሱ አንድ ቀን ነበሩ። ደቦው እየዘፈነ በሬ ሲነዳ ይውላል፣ ምግቡ ወደ አውድማው ይመጣል፣ ምርቱ በቁና ሲሰፈር ሽማግሌ ይመርቃል። የቤተ ክርስቲያኑ፣ የቀጥቃጩ፣ የአቅመ ደካማው ድርሻ እዚያው ይወጣል። ማሽን ግን በስልክ ተጠርቶ ሲመቸው ይመጣል፣ ግማሽ ቀን ሠርቶ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል፣ እህሉም ቀጥታ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቁናው ሳይወጣ ቀረ፣ ከቁናው ጋር የድሃው ድርሻም ቀረ።

ሴቶቹን ያማረራቸውም ይኸው ነው። ጠላ ከጥንስሱ አንስቶ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ቀኑን ቆጥረው ጠምቀው ሲጨርሱ ማሽኑ ይዘገያል፣ ጠላው ይሆመጥጣል። እማዬን እንዲህ በላት፦ ጌሾው፣ ብቅሉና አሻሮው ገብቶ ድፍድፍ ከሆነ በኋላ ጋኑን በደንብ ታትመው፤ አየር ካልገባው ይቆያል። ውሃ የሚጨመርበት ማሽኑ ሥራውን በጨረሰበት ምሽት ይሁን።

እህሉ እንደተወቃ ጎተራ አይገባም። ጤፍን ነቀዝ ባይደፍረውም እርጥበት ያሻግተዋል፤ ሁለት ቀን ያህል ሸራ ላይ ፀሐይ ይምታው፣ የቀረው እብቅ በሰፌድ ይነፋ። በእነዚያ ቀናት ጠላው ይደርሳል። ድግሱ እንግዲህ እህሉ ጎተራ በሚገባበት ቀን ይሁን እንጂ በማሽኑ ቀን አይሁን። ያን ቀን ጎረቤት ጥራ፤ ጆንያ የሚሸከም ሰው ያስፈልግሃል፣ ይህም ራሱ ደቦ ነው። ከገና በፊት ከሆነ ጾም ነውና ሽሮ፣ ምስርና ንፍሮ ይበቃል፤ ሥጋ ካልተገኘ ተብሎ ድግሱ አይቅር።

ደግሞ ጎተራው ከመሞላቱ በፊት የአባባን ቁና አውጣው። ኩንታሉን ሚዛን ቢመዝነውም ለቤተ ክርስቲያንና ለደካሞች የሚወጣው በቁና ይሰፈር፣ ልጆቹም ቆመው ይዩ። መንገድ ማዶ ላሉት ባልቴት መጥተው እስኪጠይቁ አትጠብቅ፤ በልጆቹ እጅ ላክላቸው።

ጭዱን በዚያው ሳምንት ከምረው፣ ማሽን ያደቀቀው ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ድፍድፉ መቼ እንደሚታተም ስትወስኑ ደውልልኝ።

በደህና ያገናኘን።
ወንድምህ